መጥረቢያው ይቆይ፦ ውሃ የጠማው ዛፍ እንዴት ይመለሳል?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው አዲስ አበባ የሚሠራ ወጣት ነው፤ እናቱ ሸዋ ሮቢት ይኖራሉ። ግቢያቸው ውስጥ አባቱ የተከሏቸው አንድ ትልቅ ማንጎና ሁለት ብርቱካን፣ እንዲሁም ገና ሁለት ዓመቱ የሆነ አቮካዶ አለ። ዘንድሮ በልጉ ሳይዘንብ ቀረ። የብርቱካኖቹ ቅጠል ተጠቅልሎ ረገፈ፣ ማንጎው ፍሬውን በእንጭጩ ጣለ፣ የአቮካዶው ቅጠል ጫፍ ጫፉ ተቃጠለ። መሬቱ እጅ እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል። የቧንቧ ውሃ የሚመጣው በሳምንት አንድ ቀን ነው። እናቱ ማታ ማታ ግንዱ ስር በጣሳ ያጠጣሉ። አንዱ ጎረቤት "ዩሪያ አድርጉበት" ብሏል፣ ሌላው "ደርቋል፣ ቆርጣችሁ አንድዱት"። "ጋሼ፣ እናቴ ብርቱካኑን የሚቆርጥ ሰው ጠርታለች፣ ምን ልበላት?" ይላል።

ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ደውልላቸው። ሰውየው ይመለስ፣ መጥረቢያውም ይቆይ። ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም። ብርቱካን ውሃ ሲያጣ መጀመሪያ ቅጠሉን ወደ ውስጥ ይጠቀልላል፣ ሲብስበት ደግሞ ይጥለዋል። በቅጠሉ በኩል የሚወጣበትን እርጥበት የሚቆጥበው እንደዚያ ነው። ማንጎው ፍሬውን መጣሉም ያው ነው፤ ራሱን ለማትረፍ ሸክሙን አራግፏል።

እናትህ በመጀመሪያ ይህን ያድርጉ። እርሳስ የሚያህል ቅርንጫፍ ይያዙና ቅርፊቱን በጥፍራቸው ወይም በቢላ ጫፍ ትንሽ ይቧጭሩት። ምስር የምታህል ቦታ ትበቃለች። ከቅርፊቱ ስር አረንጓዴና እርጥብ ነገር ከታየ ቅርንጫፉ በሕይወት አለ። ቡናማና ደረቅ ከሆነ እዚያ ቦታ ላይ ሞቷል፣ ዛፉ ግን ገና አልተነገረለትም። ወደ ግንዱ አንድ ክንድ ያህል ጠጋ ብለው ደግመው ይቧጭሩ። አሁንም ደረቅ ከሆነ እንደገና ጠጋ ይበሉ። በዙሪያው አራት አምስት ቦታ ይሞክሩ፣ ምክንያቱም በአንድ ጎኑ ደርቆ በሌላው ጎኑ የሚኖር ዛፍ ብዙ ነው። ግንዱ ራሱ ዙሪያውን እስከ መሬት ድረስ ቡናማ ከሆነና ቅርፊቱ ሲነኩት እየተላጠ የሚነሳ ከሆነ፣ ያኔ ስለ ማገዶ መነጋገር ይቻላል።

ይህን አጥብቄ የምነግርህ ምክንያት አለኝ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እዚያው ሮቢት አካባቢ፣ ቀወት ወረዳ ውስጥ አንድ አባት የብርቱካን ዛፋቸውን አሳዩኝ። አንዲት ቅጠል አልነበረችበትም። አየት አደረግኩና "አባባ፣ ይሄስ አልቆለታል" አልኳቸው። አመኑኝ። እዚያው ቆሜ ልጃቸው መጥረቢያውን አሳረፈበት። ሁለተኛው ምት ላይ ሽታው መጣ፣ የብርቱካን ቅጠል በእጅ ሲታሽ የሚሰጠው ያ ሽታ። የተቆረጠው ቦታ እርጥብ ነበር፣ ከቅርፊቱ ስር ያለችውም ቀጭን መስመር ለምለም አረንጓዴ። ሽማግሌው ምንም አላሉኝም። ፍላጩን አንስተው አገላብጠው አዩትና መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልቧጭር ስለ አንድም ዛፍ ተናግሬ አላውቅም።

አሁን ወደ ውሃው እንምጣ። በጣሳ የሚያጠጡት ውሃ፣ ልፋታቸው ያሳዝናል እንጂ፣ ዛፉ ጋ አይደርስም። ሮቢት ግንቦት ላይ ምን ያህል እንደሚያቃጥል አንተ ታውቀዋለህ። አንድ ሁለት ሊትር ውሃ የላይኛውን ሁለት ጣት አፈር ያርሳል፣ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ፀሐይ መልሳ ትወስደዋለች። በዚያ ላይ የሚፈሰው ግንዱ ስር ነው። እዚያ ያሉት ወፋፍራም ሥሮች በዋናነት ዛፉን ደግፈው የሚያቆሙ ናቸው። ውሃ የሚጠጡት ፀጉር የሚያህሉት ቀጫጭኖቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የሚገኙት ወጣ ብለው፣ ቅርንጫፎቹ በሚያልቁበት አካባቢና ከዚያም አልፈው ነው። አብዛኞቹ ያሉት በላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው።

ስለዚህ ውሃው በየማታው በትንሽ በትንሹ መሰጠቱ ይቅርና በአንድ ጊዜ በርከት ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ ከግንዱ ራቅ ብሎ ይሰጥ። ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የቅርንጫፎቹ ጥላ የሚያልቅበትን ጠርዝ መሬት ላይ በእንጨት አስምሩ። ከግንዱ ግማሽ መንገድ ጀምሮ እስከዚያ መስመር፣ ትንሽም አለፍ ብሎ፣ ውሃው የሚገባው እዚያ ነው። ከመስመሩ ወጣ ብላችሁ አንድ ስንዝር ከፍታ ያለው የአፈር ክትር ሥሩለት። አፈሩ ከሌላ ቦታ ይምጣ። ዛፉ ስር በዶማ መቆፈር የተረፉትን ጥቂት ሥሮች መቁረጥ ነው። ትንሹ አቮካዶ ግን ሥሩ ገና ሩቅ ስላልሄደ፣ ለእሱ ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ ዙሪያውን ማጠጣት ይበቃል።

ስንጥቁን በተመለከተ፣ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል ካልክ አፈሩ ዋልካ፣ ያ ጥቁሩ ሸክላማ አፈር ነው። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲሰነጠቅ ቀጫጭን ሥሮችን ይበጥሳል፣ ያፈሰስከውንም ውሃ በስንጥቁ ይዞት ይወርዳል። ከላይ ያየ ሰው "ጠጣው" ይላል፣ ውሃው ግን ከሥሩ በታች አልፎ ሄዷል። በመጀመሪያ ስንጥቆቹን ልል አፈርና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅላችሁ ሙሏቸው። ከዚያ ትንሽ ውሃ እርጭ እርጭ አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ተዉት። ክው ብሎ የደረቀ አፈር መጀመሪያ ላይ ውሃ ይገፋል፣ ከላይ ያንከባልለዋል። ረጠብ ሲል ግን ይቀበላል።

ስንት ይጠጣል? እኔ ለመነሻ የምጠቀመው ሂሳብ ይህ ነው፦ የግንዱን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ወይም በገመድ ለካ፣ ለ3 አካፍለው፣ የግንዱ ውፍረት ይወጣልሃል። ለእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ውፍረት 15 ሊትር ያህል ይስጡት። ዙሪያው 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ብርቱካን ውፍረቱ 10 ነው፣ ስለዚህ 150 ሊትር። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሰባት ተኩል፣ ስምንት በለው። ማንጎው ዙሪያው 75 ቢሆን ደግሞ 375 ሊትር፣ ወደ 19 ጀሪካን ይመጣል። እናትህ ይህን ሲሰሙ "ከየት አምጥቼ!" ቢሉ እውነታቸውን ነው።

ለዚህ ነው ውሃ ሲያጥር ለሁሉም እኩል አታካፍሉ የምለው። እኩል ሲከፋፈል ለማንም ሳይበቃ ይቀራል። አቮካዶው ይቅደም። ሥሩ ከላይ ከላይ ነው፣ ዕድሜውም ገና ነው፣ ጥም አይችልም። በየሳምንቱ ሁለት ጀሪካን ይበቃዋል። ብርቱካኖቹ ተራ ይግቡ፤ በዚህ ሳምንት አንደኛው ስምንት ጀሪካን ይጠጣል፣ በሚቀጥለው ሌላኛው። ማንጎው ይጠብቅ። አንዴ ሥር የሰደደ ማንጎ ጥልቅ ሥር አለው፣ ከሁሉም ይልቅ ድርቅ ይችላል። የቀረ ፍሬ ካለበት ግን አራግፉለት። እስከ ክረምት ድረስ አንድ ቀን እንኳ ውሃ ብታተርፉለት ትልቅ ነገር ነው። ይህንን ስትደምረው በሳምንት አሥር ጀሪካን፣ ማለትም አንድ በርሜል ነው። ቧንቧ በመጣበት ቀን በርሜሉ ከሞላ የሳምንቱ ሥራ አለቀ።

ስምንቱን ጀሪካን በዙሪያው ሁሉ ማዳረስ ካልተቻለ፣ ግማሹን ዙሪያ ብቻ ጠገብ አድርጎ ማጠጣት ይሻላል፤ በቀጣዩ ተራ ሌላኛውን ግማሽ። ሁሉንም በስሱ ከማራስ ይህ ይበልጣል።

ሌላው ችግር ፍጥነት ነው። ጀሪካን ገልብጠህ ስታፈስ ውሃው ይሮጣል። አንድ ያረጀ ጀሪካን ፈልግ፣ የሚፈስ ቢሆንም ግድ የለም፣ ከታችኛው ጫፍ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ በጋለ ቀጭን ሚስማር አንዲት ቀዳዳ አብጅለት። ሁለት ጣት ከፍ የሚለው ከታች የሚዘቅጠው ደለል ቀዳዳዋን እንዳይደፍናት ነው። ክዳኑን ላላ አድርገው፤ ጥብቅ ካልክ አየር ስለማይገባ ውሃው ይቆማል። ከዚያ መስመሩ ላይ አስቀምጠውና ሥራህን ሥራ። አንድ ጀሪካን ሁለት ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ደስ ይበልህ፣ ያ ሁሉ ወደ ታች እየገባ ነው። ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ቦታ ማዛወር ነው። እናትህ ጀሪካን ተሸክመው እንዳይዞሩ፣ ባዶውን ቦታው ላይ አስቀምጠው ከበርሜሉ በባልዲ ይሙሉት። ለአቮካዶው ሁለት ቀዳዳ ያለበት ሀይላንድም ያገለግላል፣ ግን ቶሎ ቶሎ መሙላት ይጠይቃል።

አቅሙ ካለ ለአቮካዶው ገንቦ መቅበርን እመርጣለሁ። ያልተሟሸ አዲስ የሸክላ ገንቦ ገዝታችሁ ከግንዱ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ እስከ አንገቱ ቅበሩት፣ ውሃ ሙሉትና ትንኝ እንዳይገባ ክደኑት። ሸክላው በራሱ ውሃውን ቀስ እያለ ወደ አፈሩ ያሳልፈዋል፣ ሥሩም ወደ እሱ ይመጣል። የተሟሸ ወይም ቅባት የጠጣ ገንቦ አይሆንም፣ ቀዳዳዎቹ ተደፍነዋል።

ሰዓቱ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ወይም ማለዳ ይሁን። በማግሥቱ አንድ የተረፈ ፌሮ ወስዳችሁ ያጠጣችሁበት ቦታ ወጉት። እርጥብ አፈር ያስገባዋል፣ ደረቁ ላይ ሲደርስ ይይዘዋል። ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ከገባ በደንብ ጠጥቷል። አንድ ስንዝር ብቻ ገብቶ ከቆመ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ቦታውን ጠበብ አድርጋችሁ ውሃውን ጨምሩለት። ከሳምንት በኋላም በቀላሉ የሚገባ ከሆነ ደግሞ አታጠጡ። ዋልካ ውሃ ከያዘ አይለቅም፣ ሥሩም አየር ያጣል።

ውሃ ሰጥቶ አፈሩን ራቁቱን መተው በወንፊት እንደ መቅዳት ነው። ጉዝጓዝ አልብሱት። ሮቢት የማሾ ገለባ አይጠፋም፣ የማሽላ አገዳም ተከትክቶ ይሆናል። በእርግጥ በእንዲህ ያለ ዓመት ገለባ የከብት ነው፣ ከብት አፍ ነጥቃችሁ ለዛፍ ስጡ አልልም። የማንጎው የረገፈ ቅጠል ራሱ ጥሩ ጉዝጓዝ ነው፤ ጠርጎ ማቃጠል ይቅር። እሱም ካነሰ ጠፍጣፋ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደርድሩበት፣ ድንጋይ ከስሩ ያለውን እርጥበት ይጠብቃል። ገለባው አራት ጣት ያህል ውፍረት ይኑረው። ግንዱን ግን እንዳይነካ፣ አንድ ስንዝር ባዶ ቦታ ተዉለት። ይህን የምለው በምስጥ ምክንያት ነው። ቆላ ላይ ምስጥ የተዳከመ ዛፍ ይወዳል፣ ግንዱን የተጠጋ ገለባ ደግሞ መሸጋገሪያ ይሆንለታል። እናትህ በየሳምንቱ ግንዱን ይዩት፤ የጭቃ መስመር ወደ ላይ ሲወጣ ካዩ ይጥረጉት፣ ገለባውንም ራቅ ያድርጉት።

የእጥበት ውሃስ? ልብስ ያለቀለቁበት ሁለተኛና ሦስተኛው ውሃ ለብርቱካንና ለማንጎ ይሆናል። በዱቄት ሳሙና የታሸበት የመጀመሪያው ውሃ ግን ይቅር፣ በረኪና የገባበትማ ጭራሽ አይነካ። ጨው አለው፣ ጨው ደግሞ እየተከማቸ ዋልካን የበለጠ ያጠብቀዋል። ፓስታ የተቀቀለበትም ጨው ካለው እንደዚያው። አትክልትና እህል የታጠበበት ውሃ ግን አንድም ጠብታ አይደፋ።

ዩሪያውን ለጎረቤታችሁ አመስግናችሁ መልሱለት። ክፋት አስቦ አይደለም፣ ቅጠል ሲጠፋ ማዳበሪያ የጎደለ ይመስላል። ነገር ግን ውሃ በሌለበት አፈር ላይ ማዳበሪያ እንደ ጨው ነው፣ ሥሩን ያቃጥለዋል። ቢሳካለት እንኳ ለጋ ቅጠል እንዲያወጣ ይገፋፋዋል፣ ያንን ቅጠል የሚያጠጣው ውሃ ከየት ይመጣል? ብስባሽ መስጠት ከፈለጋችሁ ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ከያዘ በኋላ።

መግረዝም አሁን አይሆንም። ዛፉ የቀረው ስንቅ ያለው ቅርንጫፉና ግንዱ ውስጥ ነው። ቀጭ ብሎ የሚሰበረውን፣ ያለጥርጥር የሞተውን ብቻ አንሱ። ቅጠል ስለሌለ ግንዱና ወፋፍራም ቅርንጫፎቹ ለፀሐይ ተጋልጠዋልና በተለይ ከሰዓት ፀሐይ በሚመታው ጎን ኖራ በውሃ አቅጥናችሁ ቀቧቸው። የብርቱካን ቅርፊት ስስ ነው፣ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል።

ውሃ ከጀመራችሁ በኋላ ሊያስደነግጣችሁ የሚችል ነገር ልንገርህ። ብርቱካኑ የቀሩትን የተጠቀለሉ ቅጠሎች ሊያራግፍ ይችላል። ይህ መባሱ አይደለም። የማይጠቅመውን ጥሎ አዲስ ሊያወጣ ነው። አንዳንዴም ከረጅም ጥም በኋላ ውሃ ሲያገኝ በአበባ ይሸፈናል። እናትህ ደስ እንደሚላቸው አውቃለሁ፣ ግን ዘንድሮ ያ አበባ የሚያፈራውን አብዛኛውን በእንጭጩ ማንሳት ይሻላል። ፍሬ ማሳደግ ለታመመ ሰው እርሻ ማሳረስ ነው።

ሁሉ መጠውለግ ደግሞ የውሃ ጥም አይደለም። አቮካዶ ሥሩ ሲበሰብስም ልክ ውሃ እንደጠማው ይጠወልጋል። ፌሮውን ስትወጉት አፈሩ እርጥብ ሆኖ ዛፉ ከጠወለገ፣ ተጨማሪ ውሃ መግደያው ነው። ማንጎው ላይ ደግሞ ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ። ነጫጭ ቅርፊት መሳይ ነጠብጣቦች ከተለጠፉበትና ዙሪያቸው ቢጫ ከሆነ፣ ያ ተባይ ነው፣ ብቻውን በውሃ አይድንም፤ ቅጠሉን ይዛችሁ ወደ ቀበሌው የግብርና ባለሙያ ሂዱ። ባሕር ዛፍም አጥሩ ላይ ካለ ንገረኝ። ባሕር ዛፍ አጠገብ የምታፈሰው ውሃ ቀድሞ የሚደርሰው ለእሱ ነው።

ይህን የሚያነብ የደብረ ብርሃን ሰው ካለ፣ ያንተ ነገር ሌላ ነው። የጣርማበርን ዳገት ወጥተህ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቅጠል የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ ውርጭ ነው። ውርጩ ከመምጣቱ በፊት አፈሩን ማራስ ይረዳል፣ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። አፕልም በብርዱ ወቅት ቅጠሉን ቢጥል ተፈጥሮው ነው፣ አትደንግጥ።

ወደ አንተ ልመለስ። ሰኔ ከመግባቱ በፊት አሸንዳውን አስጠግኑ። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ሲዘንብ አንድ ሊትር ነው። ቤታችሁ ባለ 40 ቆርቆሮ ቢሆን ጣሪያው ወደ 60 ካሬ ሜትር ይሆናል። አሥር ሚሊ ሜትር ዝናብ፣ አንድ ደህና ዝናብ ማለት ነው፣ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ 25 ጀሪካን ያህል ይሰጣችኋል። ማንጎው ያልደረሰው ውሃ ከዚያ ይደርሰዋል።

ክረምቱ ሲጠና ደግሞ የሠራችሁትን ክትር አፍርሱት። ዋልካ ላይ ውሃ ተኝቶ ከሰነበተ በበጋ ያተረፋችሁትን አቮካዶ በክረምት ታጡታላችሁ። ከዳገቱ በኩል ትንሽ ቦይ ቀዳችሁ ውሃውን አሳልፉለት።

የደረቀውን ቅርንጫፍ የምትቆርጡት መስከረም ላይ ነው። ያኔ የትኛው እንደሞተ ዛፉ ራሱ ያሳያችኋል፣ ከሚያቆጠቁጠው በላይ ያለው ይቆረጣል። ብርቱካኖቹ ግራፍት የተደረጉ፣ ማለትም በሌላ ዛፍ ግንድ ላይ የተቀጠሉ፣ ሰው ድቅል የሚላቸው ከሆኑ፣ ከግንዱ ግርጌ የተቀጠለበትን እብጠት ፈልግ። ከእብጠቱ በላይ የወጣው ቡቃያ የአባትህ ብርቱካን ነው፣ ተንከባከቡት። ከእብጠቱ በታች የወጣው የመሠረቱ ዛፍ ነው፣ ብዙ ጊዜ ረጃጅም እሾህ አለው፣ ፍሬውም ኮምጣጣ ነው፤ ገና ለጋ እያለ በእጅ ንቀሉት። እነዚህን ካወቃችሁ በኋላም ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ታገሡት። ድርቅ የመታው ዛፍ አንዳንድ ቅርንጫፉን በሁለተኛው ዓመትም ሊጥል ይችላል።

ለእናትህ ግን ዛሬ ንገራቸው፦ ነገ ማለዳ በጥፍራቸው ቧጨር አድርገው ያዩትን ቀለም ይንገሩህ። አንተም የሁለቱን ብርቱካን ዙሪያ አስለክተህ ላክልኝ፣ ስንት ጀሪካን እንደሚደርሳቸው አብረን እናስላው።